ከካርቶኑ ይልቅ ድምፁ ይታሰብበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የድሮ ክላሲካል ሙዚቃ በሲዲ ደግመው የሚያሳትሙ ሰዎች ብራቸውን ሽፋኑ ላይ መጨረሳቸው ያናድደኛል። በቅርቡ ጎንደር ድረስ ያስመጣሁት የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታዎች ካርቶን ሲያዩት ያምራል። ድምፁ ግን ሌላ ነው። ሙዚቃው መጀመሪያ የተቀዳበት ቴፕ የሚያሰማውን የ«ሽሽ» ድምፅ ለማጥፋት ብለው ሙዚቃውንም አብረው ጠርገውታል። ቁልፉ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ የሚከስመው ድምፅ ድርግም ይላል። ጠባቡ የወረቀት ኪስ ደግሞ ሲዲውን ይጭረዋል!

እዚሁ ጎንደር የኖሩት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ተከታታይ እትም በ21ኛ ቁጥር ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሕይወቱ ያ የሚከስም ድምፅ ነው። የቀረጻው ዓመትና ቦታ የተጻፈበት ቡክሌት ግን አይቅር፣ እሱን እፈልገዋለሁ። ለሌላው ተራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይበቃኛል። የተረፈው ገንዘብ ዋናውን ቴፕ ፈልጎ በወጉ ለመገልበጥ ይዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር