ለእማዬ፣ ስለ ኪሞኖው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው በላክሁልሽ የኪሞኖ፣ የጃፓኖች ባህላዊ ልብስ፣ ፎቶ ላይ ያለው ወፍ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ሽመላ የሚመስል፣ እግረ ረጅም ወፍ ነው። ሺህ ዓመት ይኖራል ይላሉ፤ ለዚህ ነው የሠርግ ልብስ ላይ የማይጠፋው።

እዚህ ኪዮቶ ውስጥ ቶጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በየወሩ በ21ኛው ቀን ግቢው ገበያ ይሆናል። አሮጌ ኪሞኖ ተቆልሎ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። የስንት ሰው ድካም እንዳለበት ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ዩዜን የሚባለውን የጨርቅ ማቅለም ጥበብ ብታዪ! መጀመሪያ ከሩዝ በተሠራ ሙጫ የሥዕሉን ጠርዝ በቀጭኑ ያሰምራሉ። ቀለሙ ሙጫውን አያልፍም። ሙጫው ሲታጠብ በቦታው ነጭ መስመር ይቀራል። ድሮ የሚያጥቡት በካሞ ወንዝ ነበር። ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እዚሁ ከተማ ማራገቢያ ላይ ይሥል ከነበረው ከሚያዛኪ ዩዜን ነው።

አንቺ ጥለት አይተሽ ስለ ለባሹ እንደምታውቂው፣ እዚህም ልብሱ ይናገራል። እጅጌዋ ረጅም ሆኖ የተንዠረገገ ያላገባች ልጅ ናት። የሙሽራ እናት ደግሞ ጥቁር ትለብሳለች። አትደንግጪ፣ የሐዘን አይደለም! ሥዕሉ ከወገብ በታች ነው፤ የቤተሰቡ ምልክት አምስት ቦታ ይታተማል።

የኔን ልብ የወሰደው ግን ሜይሰን ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ተራ ሴቶች የሚለብሱት ረከስ ያለ ሐር ነበር። ክሩን ከሽመናው በፊት ስለሚያቀልሙት የአበባው ጠርዝ ደብዘዝ ይላል። ቀለሙ ደፋር ነው፤ ከአውሮፓ የመጣውን ፋሽን ሁሉ ሞክረውበታል።

የትንንሽ ወንዶች ኪሞኖም አየሁ፤ አውሮፕላንና ታንክ ተሥሎበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው። ሕፃን ልጅ ያንን ለብሶ ሲባረክ ታየኝና ትቼው ሄድኩ።

ለእህቴ አንድ ሜይሰን በፖስታ ልኬላታለሁ። ሐር ስለሆነ ውሃ እንዳታስነካው። ስትለብሰው የግራው ጎን ከላይ ይደረብ፤ የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ብቻ ነውና አደራ ንገሪያት። ሲደርሳችሁ ደውሉልኝ። አባባን ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ፣ ከኪዮቶ