በክረምት ጎንደር ምን ይሠራል ላልሽኝ

ሰኔ 21፣ ጎንደር

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲመጣ የእናትሽን ጉልበት ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ልጆቹን ይዘሽ ነይ ስልሽ፣ «አባዬ፣ በክረምት ጎንደር ምን ይሠራል? ለጥምቀት እንመጣለን» አልሽኝ። ጥምቀትማ ጥምቀት ነው፣ ዓለም ሁሉ ይመጣል። ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ትምህርት ቤትም አለ። ክረምቱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ነው። ሁለት ወር ኮንዶሚኒየም ውስጥ በስልክና በቴሌቪዥን ሲያልቅ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ያን ዕለት መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ብርዱ አለ፣ አልዋሽሽም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ዝናቡ ግን ቀኑን ሙሉ አይደለም። ብዙ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከምሳ በኋላ ይከብዳል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ስለዚህ ጠዋቱ የውጭ ነው፣ ከሰዓቱ የቤት።

ጠዋት መጀመሪያ ግንቡ። አንቺ ስንት ጊዜ አይተሽዋል። ልጆችሽ ግን በሐምሌ አላዩትም። በበጋ ሣሩ ደርቆ ድንጋዩ አቧራ ለብሶ ነው የሚታየው። አሁን ግቢው አረንጓዴ ነው፣ ድንጋዩም በዝናብ ታጥቦ ጠቁሯል። ሰው ስለማይበዛ ልጅ እንደልቡ ይሮጣል። ትልቁ ልጅሽ፣ ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. እንደቆረቆሯት ከመጽሐፍ ተምሯል። ያን ቁጥር ከአራቱ ማዕዘን እንቁላል መሳይ ጉልላቶች ጋር አገናኝቶ ሲያየው ነው የሚገባው። የኢያሱን ግንብ ሲያይ «ለምን ጣሪያ የለውም?» ማለቱ አይቀርም። በጣሊያን ወረራ መጨረሻ እንግሊዞች ጣሊያንን ከከተማዋ ለማስወጣት በአውሮፕላን ሲደበድቡ እንደተጎዳ እነግረዋለሁ። የአንበሳውን ቤት ግን ለትንሿ አቆየዋለሁ። እሷ አንበሳ የሚለውን ቃል ስትሰማ ዓይኗ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን። በክረምት ገንዳው ባዶ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይታያል?» ይላል። እኔ ግን ለልጅ ባዶው ይሻላል ባይ ነኝ። ሲሞላ የሚታየው ውሃው ብቻ ነው። ባዶ ሲሆን ወለሉ ይታያል፣ ጥልቀቱ ይታያል፣ ሕንፃው የቆመባቸው ቅስቶች ይታያሉ። ለጥምቀት ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ እንደሚገባ ቦታው ላይ ቆሜ አሳያቸዋለሁ። በአጥሩ ላይ ደግሞ እነዚያ ዛፎች አሉ። ሥራቸው ግንቡን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። አንቺ በልጅነትሽ እነሱ ላይ ተንጠልጥለሽ አልወርድም ብለሽ እንዳለቀስሽ ታስታውሻለሽ?

ስለ ቀሃ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጌ ልንገርሽ። ልጆቹን ያለ እኔ ወንዝ ዳር አልለቃቸውም። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይ ሲዘንብ የዋለው ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ይህን ስለማውቅ አትስጊ።

አንድ ጠዋት ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት ትንሿ ትቁጠር። ተሳስታ እንደገና ትጀምራለች፣ ደግሞ ትሳሳታለች። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህን ቤተ ክርስቲያን ንቦች ተነሥተው እንዳተረፉት አባቶች ሲነግሩን ነው ያደግነው። እኔም በዚያው በቅጥሩ ሥር ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ሌላ ጠዋት ደግሞ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ እንሄዳለን። የቤተ እስራኤል ሰዎች የኖሩበት፣ በሸክላ ሥራ የታወቀ መንደር ነው። ጭቃ በእጅ ምን እንደሚሆን ያያሉ። ቤት ሲመለሱ እነሱም ከግቢው ጭቃ ላምና በሬ ይሥሩ። ልብሳቸው ቢቆሽሽ እናትሽ አትቆጣም፣ ጠይቄያታለሁ።

ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር ሁላችን አንድ ክፍል ነን። ከሰል ይቀጣጠላል። የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ ድንች ይቀቀላል፣ ቡናው ይፈላል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳን መደማመጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ሲረግብ እንቆቅልሽ እንጀምራለን። ትልቁ «ምን አውቅልህ» ማለት እንደማይችል ባለፈው በስልክ ስሞክረው ገባኝ። እንቆቅልሹ የምንድን ነው አለኝ፣ በኢንተርኔት የሚገኝ መስሎት። ካላወቀ ሀገር ይሰጠኛል። ሁሌ አዲስ አበባን እንዲሰጠኝ አልፈልግም፣ አንድ ቀን ጎንደርን ይስጠኝ። ጎንደርን ለመስጠት ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ አለበት።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። እስከ 15 ድረስ ልጆቹ እንደአቅማቸው ይጾማሉ። ከሰዓት ቅዳሴ ላይ ነጠላ ለብሰው የሚሰለፉትን የሰፈር ልጆች ሲያዩ እነሱም መሰለፍ ይፈልጋሉ። መካከል ላይ ቡሄ ይመጣል። ለእኔ የክረምቱ ልብ ቡሄ ነው። ጅራፉን ራሴ እገምድላቸዋለሁ፤ ቃጫውን አምና አስቀምጬዋለሁ። ጅራፍ የሚጮኸው በክንድ ጉልበት አይደለም፣ እጅን በሰዓቱ በመመለስ ነው። ትልቁ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል፣ ይናደዳል፣ አንድ ጠዋት ግን ይጮህለታል። ያን ጠዋት ማየት እፈልጋለሁ። ድምፁ በደብረ ታቦር የተሰማው የአምላክ ድምፅ ምሳሌ ነው፣ ችቦውም የዚያን ዕለት ብርሃን። ሙልሙሉ ደግሞ በብርሃኑ ተታለው ገና ያልመሸ መስሏቸው ሜዳ ለቆዩት እረኞች ቤተሰብ ይዞ የወጣው ዳቦ ነው። እናትሽ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ትጋግራለች። 12 ማታ ችቦ እናበራለን። ከዚያ ሆያ ሆዬ ከሰፈር ልጆች ጋር ቤት ለቤት ይዙሩ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባል የለ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ ይሮጣል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ አንድ ቅዳሜ ጎርጎራ ወርደን ጣናን እናሳያቸዋለን። ሰሜን ተራሮችን ግን በክረምት አልመክርሽም። ጉሙ ጭላዳውንም ገደሉንም ይሸፍነዋል። እሱ ለመስከረም መጨረሻ ይቆይ።

እስከ ጳጉሜን 3 ብትቆዩ ደግሞ ደስ ይለኛል። የሩፋኤል ዕለት ሲዘንብ ልጆቹን ግቢው ውስጥ እንልቀቃቸው። «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይታጠቡ። ጉንፋን ይይዛቸዋል አትበይኝ። አንቺንም አልያዘሽም።

እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። አንቺን ያን ዕለት ያየሁሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መምህር ሆኜ ዲግሪዬን ለመጨረስ አምስት ክረምት በተከታታይ ለክረምት ትምህርት ሄጃለሁ። እናንተ ትምህርት ቤት ሲዘጋላችሁ እኔ ሻንጣዬን አንስቼ እወጣ ነበር። ስመለስ ጅራፉን አጎታችሁ ገምዶላችሁ፣ ሙልሙሉ ተበልቶ፣ አዲሱን ደብተር ለብጣችሁ ታሳዩኝ ነበር። ወንድምሽ ጅራፍ ማጮህ ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ የእኔን ስም አይጠራም፤ ልክ ነው። ያኔ ለእናንተ ስል ነው ብዬ ነበር፣ ደመወዙም ጨምሯል። ክረምቶቹ ግን አልተመለሱልኝም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐምሌም ነሐሴም የእኔ ናቸው። በአንቺ ያመለጠኝን በልጆችሽ ማየት እፈልጋለሁ፣ አንቺም አጠገቤ ሆነሽ።

ሥራ እንዳለሽ አውቃለሁ። ፈቃድሽ ሁለት ሳምንት ከሆነ ለሁለቱ ሳምንት አብረሻቸው ሁኚ፣ ቀሪውን ለእኛ ተይልን። በአውሮፕላን ከመጣችሁ አዘዞ ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ሹራብና ወፈር ያለ ካልሲ ያዙ። ብርድ ልብስና ጋቢ እዚህ ሞልቷል። ታብሌቱን ብትተዉት ደስ ይለኛል፣ ካልሆነም አልጣላም።

የክረምት ጫማ ግን ከዚያ አትግዢ። ቅዳሜ ገበያ የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ ገብቷል፣ ሐምሌ ከገባ ይወደዳል። የልጆቹን የእግር ቁጥር እስከ ዓርብ ላኪልኝ። ለትልቁ አንድ ቁጥር ጨምሬ እገዛለሁ፣ በወፍራም ካልሲ ስለሚያደርገው። ለትንሿ ቀይ ካገኘሁ ቀዩን ነው የምወስደው።

አባትሽ