ታይሰንን አንደኛ ያደረጋችሁት በምን ለክታችሁ ነው?

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያወጣችሁትን የምንጊዜም ምርጥ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ደረጃ አየሁት። ማይክ ታይሰን አንደኛ፣ ሮኪ ማርሲያኖ ሁለተኛ፣ መሐመድ አሊ ሦስተኛ። ጆ ሉዊስ ዘጠነኛ! ሌኖክስ ሌዊስ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጋዜጣው እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ወጣቶቹ ፈነጠዙ፣ እኛ በንዴት ጦፍን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝርዝራችሁ ሳይቆላ የተወቀጠ ቡና ነው።

የታይሰን ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቪዲዮው ለስልክ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ዘረረው፤ ከልጆቹ አንዱ ቲክቶክ ከፍቶ ስኒህን ሳትጨርስ ሁለቴ ያሳይሃል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ከእሱ ባነሰ ዕድሜ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የታጠቀ የለም። ያስፈራ ነበር፣ አይካድም። ከወደቀ በኋላስ? በ1990 ቶኪዮ ላይ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው በስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ዘረረው። ታይሰን በጉልበቱ እየዳኸ የወደቀውን የጥርስ መከላከያ በጓንቱ ሲፈልግ፣ ሲያገኘውም አንዱን ጫፍ ብቻ ነክሶ፣ ሌላው ጫፍ ከአፉ ውጭ ተንጠልጥሎ ለመቆም ሲታገል የሚታየውን ግን ልጆቹ አያሳዩህም። ዳግላስን መልሶ አልገጠመውም። ኢቫንደር ሆሊፊልድ በ1996 አሸነፈው፣ በዓመቱ ሲገናኙ ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ ነክሶ ተባረረ። በ2002 ሌኖክስ በ8ኛው ዙር አጋደመው። የጣሉትን ሰዎች አንዳቸውንም መልሶ አልጣለም።

የእኔ መለኪያ ይሄው ነው። የጣለህን ሰው መልሰህ ገጥመህ ጥለኸዋል ወይ? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ከሄድን አሊ አንደኛ ነው፣ ክርክር የለውም። ፍሬዘር በ1971 አሸነፈው፤ አሊ በ1974 እና በ1975 መለሰለት። ኬን ኖርተን በ1973 መንጋጋውን ሰብሮ አሸነፈው፤ በዚያው ዓመት መለሰለት። ሊዮን ስፒንክስ በ1978 ቀበቶውን ወሰደ፣ ከወራት በኋላ አስረከበ። አሊ ጆርጅ ፎርማንን የገጠመበት የኪንሻሳው ግጥሚያማ ሌላ ነው። በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ እዚህ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም። ግጥሚያው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ብለው ሌሊት 10 ሰዓት አደረጉት። ፎርማን ፍሬዘርንም ኖርተንንም በሁለት በሁለት ዙር የጨረሰ አውሬ ነበር። አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ «ምታ» አለው። መታ፣ መታ፣ ደከመው። በ8ኛው ዙር ወደቀ።

ሁለተኛ ጆ ሉዊስ። ይህን ሰው ዘጠነኛ ማድረግ፣ ያውም በአማርኛ ጋዜጣ፣ ነውር ነው። በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እያጓጓዘ ነው። በአንዱ ጥግ የፋሺስቱ መኩሪያ ፕሪሞ ካርኔራ ቆሟል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ 118 ኪሎ። በሌላው ጥግ የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ፣ 89 ኪሎ። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ነገሩን የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገውት ስለነበር ረብሻ ተፈርቶ ስታዲየሙን ፖሊስ ሞላው፤ አስተዋዋቂውም ቡጢ ሳይጀመር በጨዋ ደንብ ተመልከቱ ብሎ ሕዝቡን ተማጸነ። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀና ዳኛው አስቆመው። ከሦስት ወር በኋላ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ሉዊስ ስለ እኛ ብሎ ነው የገባው አልልም፣ ሥራው ነው። ያን ሌሊት ግን እልል ያለለት ሰው የኛን ጉዳይ ልቡ ውስጥ ይዞ ነበር።

ይህ ስሜት ነው ካላችሁኝ ቁጥር እንካችሁ። ወደ 12 ዓመት ገደማ ሻምፒዮን፣ ቀበቶውን 25 ጊዜ ተከላክሏል፤ በከባድ ሚዛን እስካሁን የደረሰበት የለም። ጀርመናዊው ሽሜሊንግ በ1936 በ12ኛው ዙር ዘርሮት ነበር። በ1938 ሲገናኙ ሉዊስ ጉዳዩን የጨረሰው በ124 ሰከንድ ነው።

ሦስተኛ ሌኖክስ ሌዊስ። ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፣ በማኮልና በራህማን። ሁለቱንም መልሶ አሸነፈ። ከሆሊፊልድ ጋር አቻ ወጣ፣ በድጋሚው አሸነፈ። ለቪታሊ ክሊችኮ ግን ድጋሚ ግጥሚያ ሳይሰጥ ነው ጓንት የሰቀለው፤ ቪታሊ በነጥብ እየመራ ቅንድቡ ባይተለተል ኖሮ ጉድ ነበር። ይህቺ ታስነቅፈዋለች።

አራተኛ ፎርማን። አሊን መልሶ አላገኘውም፣ ሰውየው ዕድል አልሰጠውም። ግን በ1994፣ በ45 ዓመቱ፣ ኪንሻሳ የተሸነፈባትን ያችኑ ቀይ ቁምጣ ታጥቆ መጣና በነጥብ እየተመራ ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘረረ። ሰው በ45 ዓመቱ ወገቤን ይላል እኮ!

ማርሲያኖ 49 ለ0 ነው፣ እሺ። ጆ ሉዊስን ሲያሸንፈው ሉዊስ 37 ዓመት ሞልቶት፣ ለዕዳ ብሎ የሚደባደብ ሰው ነበር። ማርሲያኖ ደግሞ 85 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዛሬ ከባድ ሚዛን የሚጀምረው ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው። ሉዊስስ 89 ኪሎ አልነበረም ወይ ትላላችሁ። ሉዊስ 118 ኪሎውን ካርኔራ ጥሏላ!

ዛሬ ያለው ዩክሬናዊው ኡሲክ አምስተኛ ይግባ። እስካሁን የጣለው የለም፣ ስለዚህ መለኪያዬ አይይዘውም። ግን ጆሹዋን፣ ፉሪንና ዱቡዋን ሁለት ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁሌም አሸንፏል፣ ሦስቱም በኪሎ ይበልጡታል። ሆልምስንና ሆሊፊልድን እንደፈለጋችሁ ደርድሩ፣ እዚያ ላይ አልጣላችሁም።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት የካርኔራን ነገር አትቁረጡብኝ። ቦታ ከጠበባችሁ የማርሲያኖን ቁረጡ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ