ያ ውጋት ያንቺ ድክመት አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ እናቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። ሐረር ያለሽ አንቺ ታድለሻል።

የምጽፍልሽ ስላለፈው ቅዳሜ ነው። ገና ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ያንን ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። «በባዶ ሆድ አይሮጥም» ብዬ ሳምቡሳውን ያስበላሁሽም እኔው ነኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከከዚራ ተነሳን፤ አንቺ በእግርሽ፣ እኔ ከኋላሽ በሳይክል። ሳቢያን ሳንደርስ ጎንሽን ወግቶሽ ቆምሽ። ቀኝ እጅሽን ከጎድንሽ ስር ወትፈሽ ጎንበስ አልሽ። ላብሽ ከአገጭሽ አስፋልቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ደግሞ «በርቺ፣ ቻል አድርጊው» አልኩሽ። ማታ «አባዬ፣ ረጅም ሩጫ የኔ አይደለም መሰለኝ» ያልሽው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ስፖርተኞችን ጠይቆ ነበር። ከሯጮቹ 69 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ጎናቸውን ወግቷቸው ያውቃል። ዋናተኞቹ ደግሞ 75 በመቶ። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም። እንዲያውም ወጣቶችን ይበልጥ ይይዛል፤ ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል።

ምክንያቱን ሐኪሞቹም ገና አልተስማሙበትም። ድሮ «መተንፈሻው ጡንቻ፣ ዲያፍራሙ፣ ደም ሲያጥረው ነው» ይባል ነበር። ግን ፈረስ የሚጋልብ ሰውም ብዙ ሳያለከልክ ይወጋዋል። ስለዚህ አሁን ብዙዎቹ የሚያዘነብሉት ሆድን ከውስጥ ወደሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ሆድ ሞልቶ ሰውነት ሲናጥ ይህ ሽፋን ይፋተግና ይቆጣል ይላሉ። በዚያው ጥናት ላይ ከሳይክል ነጂዎቹ የወጋቸው 32 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቀን አንቺ ስትሰቃዪ እኔ ኮርቻዬ ላይ ተመቻችቼ የነበርኩት ለዚህ ይሆናል።

በጣም የቆጨኝ የጁሱ ነገር ነው። ስኳር የበዛበት መጠጥ ከውሃ ይብሳል፤ ከሆድ ቶሎ አይወርድማ። እኔ ደግሞ ማንጎው ላይ ስኳር ጨምሬበት ነበር! ከእንግዲህ ከባድ ምግብ ከበላሽ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሰዓት ቆይተሽ ሩጪ። ዘይት የነካው ነገር፣ ሳምቡሳም ይሁን ፉል፣ ከሩጫ በፊት ይቅርብሽ። ውሃ ግን እንዳትተዪ፣ በተለይ እዚህ ድሬ ስትመጪ። አንዴ ግጥም አድርገሽ አትጠጪው እንጂ ጉንጭ ጉንጭ እያልሽ ቶሎ ቶሎ ጠጪ። እኔ በሳይክል ይዤልሽ እከተላለሁ።

ሌላው አቋምሽ ነው። ጀርባቸው የሚጎብጥ ሰዎች ውጋት እንደሚበዛባቸው አንብቤያለሁ። ሲደክምሽ ትከሻሽ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ከኋላሽ ሆኜ ሁሌ አየዋለሁ። ቀና በይ። የሆድ ጡንቻሽንም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አሠሪው። አነሳስሽም ዝግ ያለ ይሁን፤ ከቤት ስትወጪ ጀምሮ መፍጠን የለብሽም።

ከወጋሽ ግን እኔ እንዳልኩሽ ችለሽው አትሩጪ። ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ካልሆነም ተራመጂ። የወጋሽን ቦታ በጣቶችሽ ጫን አድርገሽ ትንሽ ጎንበስ በይና በረጅሙ ተንፍሺ። ቀኝሽን ከወጋሽ ቀኝ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ወደ ግራ ዘንበል ማለትም ይረዳል። ግራ እግርሽ መሬት ሲነካ አየር የማስወጣት ዘዴም አለ። ብዙ ሯጮች ይምሉበታል፤ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም ሞክሪው፣ አይጎዳሽም። ትከሻሽ ጫፍ ላይ ጠቅ ቢያደርግሽም አትደንግጪ፤ አንዳንዴ አብሮ ይመጣል።

ቆመሽ አርፈሽ እንኳ ካልተወሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ወይ ትኩሳትና ትውከት ካለው ግን የሩጫ ውጋት ነው ብለሽ አትለፊው። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ለኔም ደውይልኝ።

ቅዳሜ ስትመጪ በማግስቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንወጣለን። ማታ ቀለል ያለ እራት ትበያለሽ፣ ጠዋት ጥቂት ውሃ ብቻ። ማንጎው ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቅሻል፤ ሮጠሽ ስትመለሺ፣ ያለ ስኳር።

አባትሽ