እማዬ፣ ጠዋት ስደውልልሽ የት እንደሆንኩ ልንገርሽ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ።

ይሄንን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወሬ ቀየርኩ። ስትደነግጪ ድምፅሽ ይለወጣል፤ ያን ስሰማ ደግሞ የጀመርኩትን አልጨርስም። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሳትጨርሺ እንዳትደውይ።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ጠዋት ጠዋት የምደውልልሽ ወደ ሥራ እየሄድኩ አይደለም። ስፖርት ጀምሬያለሁ፣ እየተራመድኩ ነው። ያን ቀን «ምነው ታለከልኪያለሽ?» ስትይኝ «ደረጃ ላይ ነኝ» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ዳገት ላይ ነበርኩ።

«በዚህ ወገብሽ? በዚህ አስምሽ?» ስትይ ከዚህ ይሰማኛል።

አስሙን ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ። ሌሊት ሲነሳብኝ ትራስ ደርድረሽ ቀና ታደርጊኝና መዳፍሽን ጀርባዬ ላይ ታሳርፊ ነበር። አትመቺኝም፣ አታሺኝም፤ ዝም ብለሽ ታሳርፊዋለሽ። «ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ አንድ፣ ሁለት...» እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። ሲነጋ ደግሞ በር ላይ «እንዳትሮጪ» ትይኛለሽ። አልሮጥኩም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቼን ሹራብ ታቅፌ ዳር ላይ ቆሜ አደግኩ። አልወቅስሽም። ያንን ሌሊት ያየ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ግን ያቺ አንገቷን እየነቀነቀች የምትሮጠውን እንግሊዛዊት ታስታውሻታለሽ? በፈረንጆቹ 2000 ሲድኒ ላይ፣ በ10 ሺህ ሜትር፣ አብዛኛውን ዙር መርታ መጨረሻ ላይ ደራርቱ ጥላት ስትሄድ ቤቱን በጩኸት ያናጋሽው? ፓውላ ራድክሊፍ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ማራቶንን በ2:15:25 ጨረሰች፣ ክብረ ወሰኑም 16 ዓመት ቆየ። እኔ እሷን ልሆን አይደለም። 25 ደቂቃ ነው የምራመደው። ግን አስም ያለበት ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሹራብ መያዝ ብቻ አይደለም ዕጣው።

ስለ ወገቤም ሙሉውን አልነገርኩሽም። «ትንሽ ያዝ አድርጎኛል» ነበር ያልኩሽ። ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ሳምንት ስስል ሰንብቼ፣ አንድ ጠዋት እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ሳሉ መጣብኝ። ሳፋው ሳይወድቅ እኔ ወደቅኩ። ሕመሙ በቀኝ መቀመጫዬ በኩል እስከ እግሬ ጣት ወረደ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ የዲስክ መንሸራተት ነው ተባለ፤ ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ነው።

ከዚያ የሚመጣውን ነው የደበቅኩሽ። ማታውን ከመድኃኒት ቤት ጠንከር ያለ ሕመም ማስታገሻ ገዛሁ። ሰውየው አስም እንዳለብኝ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ለወገብ መድኃኒት ስገዛ የሳንባ ወሬ ምን ያደርጋል ብዬ። ዋጥኩና ተኛሁ። ሰዓት ሳይሞላ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። በወገቤ ምክንያት ቀና ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፣ በደረቴ ምክንያት መተኛት አልቻልኩም። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ፓፉን ነፋሁ። ጎረቤቴ ናት ድንገተኛ ክፍል ያደረሰችኝ።

እዚያ ነው የተማርኩት። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ የሚባሉት አስም ካለባቸው አዋቂዎች ከ100 ወደ 7 በሚሆኑት ላይ አስሙን ይቀሰቅሱታል። እኔ ከሰባቱ አንዷ ነኝ። አሁን ካርዴ ላይ በቀይ ተጽፏል፣ ሲያመኝም ሐኪሜ የፈቀደልኝን ፓራሲታሞል ነው የምወስደው። አንቺም ለጉልበትሽ የምትወስጂውን ክኒን ስሙን በመልእክት ላኪልኝ። የምሬን ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ። ተኛሁ። አንቺም «ተኚ፣ እረፊ» አልሽኝ፣ ለእኔም ተመቸኝ። ሦስት ሳምንት። ወገቤ እንደ እንጨት ደረቀ፣ እግሬ ሰለለ፣ መታጠቢያ ቤት ደርሶ መመለስ ያስለከልከኝ ጀመር። አስሙ የባሰብኝ መስሎኝ ሄድኩ፤ ሐኪሙ ሳንባዬን አዳምጦ ንጹሕ ነው አለኝ። ሰውነቴ ነው የደከመው። ለወገብ ሕመም አልጋ ላይ መዋል ድሮ የሚታዘዝ ነገር ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ሕመሙ በፈቀደልሽ መጠን ተንቀሳቀሺ ነው የሚሉት።

ፊዚዮቴራፒስት ጋር፣ በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ጋር ማለት ነው፣ ላኩኝ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ መንበርከክ ነው። በእጄና በጉልበቴ እሆንና ቀኝ እጄንና ግራ እግሬን ዘርግቼ አሥር እቆጥራለሁ፣ ከዚያ በሌላው። ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ነው። እኔ ግን ተንቀጠቀጥኩ። ለካ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈችና «ቀስ ብለሽ አስወጪ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። «አመመሽ?» አለችኝ። «እናቴን አስታወስሽኝ» ለማለት አፍሬ «ትንሽ» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ቀላል ቀላሉን ብቻ ሰጠችኝ።

በኋላ ያስረዳችኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሳንባ በታች ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ። አየር የሚያስገባልን እሱ ነው። ከሆድና ከወገብ ጡንቻዎች ጋር ሆኖ አከርካሪን ደግፎ የሚይዘውም እሱ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ወደ መተንፈሱ ያደላል፣ ወገብ ድጋፉ ይቀንሳል። እኔ ሁለት በሽታ አለብኝ እል ነበር፤ አንዱን ስል ሌላው እያለ። ለካ ሁለቱም አንድ ጡንቻ ላይ ነው የሚሻሙት! ስለዚህ እያለከለከኝ ምንም ነገር አላነሳም። ሳል ሲመጣብኝ አልጎነበስም፤ ቀጥ ብዬ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ እይዛለሁ።

አሁን ጠዋቴ እንዲህ ነው። ከአልጋ ስነሳ መጀመሪያ በጎኔ ነው የምዞረው። ዲስኮች ሌሊት ውሃ መጥጠው ስለሚያድሩ ጠዋት ወጠር ይላሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አልጎነበስም፣ ካልሲዬንም ተቀምጬ እግሬን ወደ እኔ አምጥቼ ነው የማደርገው። የየቀኑን የአስም መድኃኒት እወስድና አፌን እጉመጠመጣለሁ። «ፓፍ ያስለምዳል» ትይኝ አልነበር? አያስለምድም። እኔን የጎዳኝ ሲያፍነኝ ቶሎ የሚያስታግሰውን ፓፍ ብቻ እየነፋሁ፣ የሳንባን ብግነት የሚያክመውን የየቀኑን መተዌ ነው። ከመውጣቴ 15 ደቂቃ በፊት ሐኪሜ እንዳዘዘልኝ ቶሎ የሚያስታግሰውን ፓፍ እነፋለሁ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ዝግ ብዬ እጀምራለሁ። ብርድ ካለ አፍና አፍንጫዬን በሻርፕ እሸፍናለሁ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነው የአየር ቧንቧውን የሚያስቆጣው። አቧራ ወይም ጭስ ካለ ቤት እቀራለሁ።

የሚገርምሽ፣ አስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስራመድ ሳይሆን ከቆምኩ በኋላ ነው፤ በአምስት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ። ለዚህ ነው ስልኩን ከዘጋሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ደረስኩ» ብዬ የምጽፍልሽ። አንቺ ቢሮ የደረስኩ ይመስልሻል። ደረቴ ደህና መሆኑን አይቼ ነው።

ሁሉም ቀና አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ደህና ሆንኩ ብዬ ከ15 ደቂቃ በአንዴ ወደ 40 ዘለልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አራት ቀን እንደ አሮጊት ሄድኩ፤ አንቺን አላልኩም። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የምጨምረው። በ2024 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። መራመድ ከጀመሩት ግማሾቹ ላይ ሕመሙ እስኪመለስ 208 ቀን ፈጀ፣ ከሌሎቹ ግማሾቹ ላይ ግን 112። የእኔ ስንት እንደሚሆን እንግዲህ እናያለን።

ቃል የምገባልሽም አለ። እግሬ ከከዳኝ፣ መቀመጫዬ አካባቢ ከደነዘዘኝ ወይም ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እሄዳለሁ። ፓፉ ካላስታገሰልኝና አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተኝም እንደዚያው። ያኔ አልደብቅሽም።

አሁን ለምን አንቺ ጋር እንደምደውል ልንገርሽ። ሐኪሙን «ፍጥነቴ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አልኩት። «እየተራመድሽ ማውራት መቻል አለብሽ፤ መዝፈን ከቻልሽ ግን በጣም ቀስ ብለሻል» አለኝ። ብቻዬን እያወራሁ መንገድ ላይ ልሂድ? አንቺ ጋር ደወልኩ። ትንፋሼን ከእኔ ቀድመሽ ትሰሚዋለሽ። «ምን ሆነሻል?» ስትይ እቀንሳለሁ። ዝም ብለሽ የጎረቤት ወሬ ስትቀጥይ ትንሽ እጨምራለሁ።

ነገም እንደተለመደው 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ከሰማሽ አትደንግጪ፤ «ቀስ በይ» በይኝ። ያቺ ዳገት ላይ ስደርስ ደግሞ ጥያቄ አትጠይቂኝ፣ አንቺ አውሪ።

ልጅሽ