ለበዓል እትማችሁ አንድ ገጽ ለልጆች ሥዕል ልቀቁልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ እንደምን ከረማችሁ? እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።

በገና እትማችሁ ላይ ስለ ልጆች ስጦታ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው በጣም ተናደዋል። የዛሬ ልጆች የፈረንጅ ካርቱን የተለጠፈበት ቦርሳ ካልተገዛላቸው በዓል የመጣ አይመስላቸውም፣ ስጦታ የሚባል ነገር ድሮ አልነበረም፣ ካርቱን ደግሞ ጭንቅላት ያደነዝዛል ነው ነገሩ ባጭሩ። ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹን ግን አልውጠውም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ጢም ካወጣሁ ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም ድረስ ካርቱን አያለሁ። ቤተሰብ ያውቃል፣ ጎረቤትም ያውቃል። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ሪሞቱን ቀምታኝ ዜና ላይ ታደርገዋለች።

እንግዲህ ለገና ምን እንደሚመጣልኝ መገመት አያቅታችሁም። የእህቴ ልጆች ካልሲ ይገዙልኛል፣ ካልሲው ላይ ሚኪ ማውስ አለ። በፈረንጆቹ 1928 ድምፅ ባለው ፊልም የወጣ አይጥ እስከ ዛሬ ጎንደር ድረስ እግሬ ላይ ነው፤ ዋልት ዲዝኒ የሚባለው ሰውዬ ሠርቶታል! ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፍላሽ ያስጭንልኛል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ምን እንዳለበት ሳይታወቅ ይሰካና ግማሹ ካርቱን፣ ግማሹ የቱርክ ድራማ ሆኖ ይገኛል። ድራማውን ባለቤቴ ትወስደዋለች። ማንም አይጎዳም።

ለልጆቹ የሚገዛው ግን እንደ ጸሐፊው ያሳስበኛል። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞሬያለሁ። የበረዶ ልዕልት ያለበት ቦርሳ አለ፣ ሸረሪት የሚመስል ሰው ያለበት ቦርሳ አለ፣ ሁለቱም የትምህርት ዓመቱ ሳይጋመስ ዚፑ ይበጠሳል። ፕላስቲክ መጫወቻውማ ተዉት። ለገና የተገዛ አሻንጉሊት ጥምቀት ሳይደርስ እጁ ይነቀላል፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ 12 ቀን ብቻ ነው። ያውም በዚህ የዶሮ ዋጋ! ብልጥ ወላጅ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሰልባጅ ክምር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ጥሩ ጥሩ ቲሸርት በርካሽ ይገኛል፣ ችግሩ የተሳለበትን ገጸ ባሕርይ የሚያውቀው የለም። አንዱ የወንድሜ ልጅ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሰማያዊ ነገር ያለበት ቲሸርት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጓደኞቹ ስሙን ቢጠይቁት "የኔ ነው፣ ስም ገና አላወጣሁለትም" አላቸው። መልሱን ወደድኩለት።

ስጦታ ድሮ አልነበረም የሚለውን ግን ጸሐፊው እንደገና ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እርግጥ ነው፣ በጭስ ማውጫ ወርዶ ስጦታ የሚያስቀምጥ ሽማግሌ አያቶቻችን አያውቁም። ቢመጣም ጎጆ ቤት ጭስ ማውጫ የለው፣ በር አንኳኩቶ "ቤቶች!" ብሎ መግባት ነበረበት። ታዲያ በእኛ አገር በበዓል ባዶ እጁን የሚሄድ ማን አለ? ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ለጎረቤት ይላካል። ለፋሲካ አክፋይ ይወሰዳል። ልብሱም በበዓል ነው የሚገዛው፤ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ያለው ፈረንጅ አይደለም። ከሁሉ በላይ እንቁጣጣሽን አስታውሱ። ወንዶቹ ልጆች ወረቀት ላይ መልአክ፣ ፀሐይና አበባ ይስሉና በቀለም አድምቀው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የተሰጠው ሰው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ሳንቲም ወይ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ሥዕል በስጦታ መስጠት ማለት እኮ ይኸው ነው። ልጅ የሠራው፣ በእጅ የተሳለ፣ ከነፊርማው።

ወደ ካርቱኑ ልለፍ።

ገና የምናከብረው እናቴ ቤት ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾም ታኅሣሥ 28 ያልቅና ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን ስንመለስ ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ሁሉም ዓይኑ እየተስለመለመ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ይበላል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ትልልቁ ሰው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ያንቀላፋል። ድሮ በዚህ ሰዓት ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ሜዳውም ቤት ተሠርቶበታል፣ ዱላ ቆርጦ የሚያመጣም ጠፍቷል። ልጆቹ ይጮኻሉ። ያኔ ነው የኔ ፍላሽ የሚሰካው።

ቶም እና ጄሪ ከተከፈተ ቤቱ ጸጥ ይላል። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የሦስት ዓመቱም ልጅ፣ እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴም እኩል ያዩታል። እናቴ ከሌላው ዓለም በተለየ የምትደግፈው ድመቷን ነው። በጎታ እህል አስቀምጦ ያደገ ሰው ለአይጥ አያዝንም። "ይቺ ሰላቢ፣ እንደገና አመለጠች!" ትላለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷ ግን የምሯን ነው። ከተከታታዩ ውስጥ በፈረንጆቹ 1941 የወጣ የገና ዋዜማ ታሪክ አለ። ድመቱ አይጡን ውርጭ ላይ አባርሮት በሩን ይዘጋበታል፣ ከዚያ እንቅልፍ ያጣል፣ በመጨረሻ ወጥቶ ከበረዶ ውስጥ አንስቶ እሳት ዳር ያሞቀዋል። አይጡም በተራው ድመቱ ሊጠጣው ካቀረበው ወተት ውስጥ ራሱ የደበቀበትን ወጥመድ ያወጣለታል። ባለፈው ይህን ስናይ እናቴ ዝም ብላ ቆይታ "ሽማግሌ ሳይገባ ታረቁ?" አለች። ከዚያ አባቴ ለገና ሲል ይቅር ስላላቸው ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወራ። እኛ የማናውቀው የመሬት ክርክር ሁሉ ተነሣ። ካርቱን ጭንቅላት ያደነዝዛል የሚሉት ጸሐፊ ያን ቀን እኛ ቤት በነበሩ!

የሚያደነዝዝስ የለም? አለ እንጂ። ሕፃን ልጅ ምግብ አልበላ ሲል ስልክ ፊቱ ላይ ይደቀንና ዩቲዩብ ራሱ እየመረጠ ሲያሳየው ይውላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት የሚስቅ፣ ይሄ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የማልስማማው ካርቱንን ከእኛ ጋር ዝምድና የሌለው እንግዳ አድርገው ማቅረባቸው ነው፤ ያውም ለጎንደር ሰው። እስቲ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡ። ጣራው በመላእክት ፊት ተሞልቷል፣ የትም ብትቆሙ የሚያያችሁ ዓይን አለ። ግድግዳው ደግሞ ታሪኩን ክፍል በክፍል ይተርካል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ከላይ ወደ ታች እያየ ይከተለዋል። ልጆቹን ይዤ ስሄድ የማሳያቸው አንድ ነገር አለ። በጥንቱ የኛ አሣሣል ጻድቁ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ነው የሚሳለው፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። አለቀ፤ ማን ምን እንደሆነ ሳይነገራችሁ ገባችሁ። የዛሬ ካርቱን ሠሪ ክፉውን ቅንድቡን አቅጥኖ፣ አገጩን አሹሎ የሚለፋበትን የእኛ ሠዓሊ በአንድ ዓይን ጨርሶታል። ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ የእህቴ ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ በጎን የቆመውን ሁሉ ይጠረጥራሉ። ምስኪን ሰውም ቢሆን ፊቱን እስኪያዞር አይታመንም።

የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክም አለላችሁ። ለቱሪስት በሚሸጠው ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ጽሑፍ ተጽፎበት ታዩታላችሁ። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ? ለእንግዳ እንሸጠዋለን፣ ለልጆቻችን ግን አንገዛውም። ለነገሩ ለልጅ ተብሎ የተዘጋጀም የለም፤ ዋጋውም የልጅ አይደለም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወላጅ የፈረንጅ ካርቱን የሚገዛው ፈረንጅን ስለወደደ አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ስለሌለ ነው። የሞከሩ አልጠፉም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በፈረንጆቹ 2006 የጀመሩትን "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የማያውቅ ልጅ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ አማርኛ የምትናገር ቀጭኔ ከቴሌቪዥን ስታወራው ልጁ ይመልስላታል። በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ "ጀምበር" የሚባል ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ግን የፀሐይን ቦርሳ ፈልጌ አጣሁ። ጀምበርን ጠይቄ አንዱ ባለሱቅ "የፀሐይ መጥለቂያ ነው የምትለው?" አለኝ። ፍረዱ እንግዲህ። የገና ዛፉ እንኳ ላዩ ላይ ጥጥ ተነስንሶበት ነው የሚቆመው፣ በረዶ መሆኑ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ መሬቱ አይነጣም። በረዶ ያማረው ሰሜን ተራራ ይውጣ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው ራስ ደጀን አልፎ አልፎ ጫፉን ያነጣለታል።

ዘንድሮ እኛ ቤት ያደረግነውን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄዬ ልሂድ። ለልጆቹ የሰጠናቸው ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፣ ደብተር በገና! ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋቸው። በየሉኩ ጥግ አንድ ሥዕል ትስላለህ፣ ቀጣዩ ላይ ያንኑ ትንሽ አነቃንቀህ ትስላለህ፣ ስትጨርስ በአውራ ጣትህ ፈጠን አድርገህ ታገላብጠዋለህ። ይንቀሳቀሳል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚያሳየው፣ በእጅ የሚስሉ ካርቱን ሠሪዎች ግን አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሱ ብዙ ጊዜ በ12 ሥዕል ይገላገላሉ። በዚህ ሒሳብ አንድ ደብተር አራት ሰከንድ ፊልም ማለት ነው። አራት ሰከንድ ለመሥራት ልጆቹ ከገና ማግስት ጀምሮ አጎንብሰዋል፣ ስልክ የጠየቀ የለም። አምስተኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ የሠራችው ይበልጥብኛል። አንዱ ልጅ በገና ዱላ ጥንጓን ይመታል፣ ጥንጓ በፋሲል ግንብ ላይ ትበራለች፣ የንጉሡን ዘውድ ታወልቃለች። ንጉሡ ምንም አይልም። "ለምን አልተቆጣም?" ብላት "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፣ ጋሼ!" አለችኝ። ንጉሡንም ፊት ለፊት ነው የሳለችው፣ በሁለት ዓይን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በበዓል እትማችሁ ከሚወጣው የእንኳን አደረሳችሁ ማስታወቂያ ውስጥ አንድ ገጽ ቀንሱና ለልጆች የሥዕል ታሪክ ስጡ። አንድ ገጽ ብቻ። ከስድስት እስከ ስምንት ክፍል ያለው፣ አማርኛ የሚናገር፣ ልጁ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው። ማስታወቂያው ይገባኛል፣ እናንተም ደመወዝ ትከፍላላችሁ። ግን የድርጅት ሥራ አስኪያጅን ፎቶ ቆርጦ የለጠፈ ልጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ፣ ለቱሪስት ሸራ የሚሠሩ፣ አሁን እንግዳ ሲቀንስ ሥራ የቀዘቀዘባቸው ወጣቶች አሉ፤ ለእነሱም ሥራ ይሆናል። ክፍያው ትንሽም ቢሆን ይከፈላቸው፤ በነጻ ሳሉልን ብላችሁ እንዳትጀምሩ አደራ። ግማሹን ገጽ ለእነሱ፣ ግማሹን ልጆች ራሳቸው ለሚልኩት ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ለጥምቀት እትም ጊዜው አጭር መሆኑ ይገባኛል። ለፋሲካ ግን ይደርሳል። የወረቀቱን መጠን፣ በጥቁር እርሳስ ይሁን በቀለም፣ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንላከው ወይስ ወረቀቱን ራሱን በፖስታ፣ ይህንን በሚቀጥለው እትም ጻፉልን። እኛ ቤት የተዘጋጀ ሥራ አለ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የካርቱን ወዳጅ
ከጎንደር፣ ማራኪ