የተሸነፈውስ?

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱ ጠነከረብሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው እሑድ ስደውልልሽ ሦስት ጊዜ «አልተሰማኝም፣ ልጄ» አልሽና ስልኩን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠሻት። እሷም «እማማ ሬድዮውንም ከዘጉት ቆይተዋል፤ ንግግሩ አይለይልኝም ይላሉ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሬድዮ ዝም ያለበትን ቤታችንን ማሰብ አቃተኝ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ዛሬም እንደማይከዳሽ አውቃለሁ። ለዓይንሽ እንዲቀልልሽ አተልቄ ጽፌዋለሁና ቡናሽን አፍልተሽ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ከኳስና ከሩጫ ጋር ስትንከራተቺ ኖርሽ፤ ከሁሉ የትኛው በለጠብሽ?» እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔም በስልክ ቸኩዬ አንዱን ጠርቼ አልፋለሁ። ዛሬ በደንብ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.ን ላስታውስሽ። በማግስቱ ደመራ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንቺ ስትለቅሚ ከምትውዪበት የቡና መጋዘን በምሳ ሰዓት እየሮጥሽ መጣሽ፤ ልብስሽ ሁሉ የቡና ገለባ ነበር። ሬድዮው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። የሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ የተረከዙን ጅማት ታሞ ነው የሄደው ስለተባለ ሰፈሩ ሁሉ ሰግቷል። በመጨረሻው ዙር ፖል ቴርጋት ተፈተለከ፤ ኃይሌ ተከተለው፤ መስመሩ ላይ ቀደመው። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ለ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። የ0.09 ሰከንድ ልዩነት ማለት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አያደርስም።

ግቢው በእልልታ ተናጋ። አንቺም እልል አልሽ። ሲበርድ ግን ስኒውን እያቀረብሽ፣ «የተሸነፈውስ? እናቱ ሰምታ ይሆን?» አልሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ጎረቤታችን «የኬንያውን እናት ምን ቤት ነሽ!» አለሽ። አንቺ አልሳቅሽም። «ዘጠኝ ወር ተሸክማዋለቻ» ብለሽ ቡናውን ቀዳሽ።

እማዬ፣ ያን ጥያቄሽን ይዤው አደግሁ። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ካሜራው ሁሉ ወደ አሸናፊው ሲዞር የእኔ አንገት ወደ ሌላኛው የሚዞረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አለቆቼ «አርእስቱ አሸናፊው ነው» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አርእስቱን ለአሸናፊው ሰጥቻለሁ። ከአርእስቱ በታች ያለውን ግን ያንቺን ጥያቄ ሳልመልስ ጨርሼ አላውቅም።

ስለ ቴርጋት ኋላ ያወቅሁትን ልንገርሽ፤ ያኔ ማንም አልመለሰልሽምና። ያ ልጅ ከሲድኒ አራት ዓመት ቀድሞ አትላንታ ላይም በኃይሌ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጥቷል። ሁለት ኦሊምፒክ፣ ሁለት ብር፣ ሁለቱም ጊዜ ከፊቱ ያው አንድ ሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን ይሰቅል ነበር። እሱ ወደ ማራቶን ዞረና በ1996 ዓ.ም. ልክ በመስቀል ዕለት በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ያንንም በዚያው በርሊን የወሰደበት ኃይሌ ነው! ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ ወዳጆች ናቸው። እናቱ የዚያን የበርሊን ቀን ሰምታ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ደራርቱ ብዙ አልልም፤ ባርሴሎና ላይ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩትን አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። እኔ የጨመርኩት የኒው ዮርኩን ማራቶን ነው። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዘወር ብላ «ነይ» እያለች ስታበረታታት በቴሌቪዥን አየሁ። ከዚያ ሄዳ ውድድሩን አሸነፈች። ያን ዕለት «ይህችን ሴት እናቴ ታውቃታለች» ነበር ያልኩት።

ወደ ኳሱ ልምጣ። ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ቀን ነበር። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበርና አንድ ጎል እንኳ ቢያገቡብን መንገዱ በጣም ይጠብብን ነበር። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ ደገመ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። እንዴት እንደ ጻፍኩት አላስታውስም፤ ወረቀቱ በእንባ ርሶ ነበር። የማስታውሰው ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ እየጨፈረ እኔ ስልክ ይዤ «እማዬ ሰማሽ?» ብዬ ስጮህ፣ አንቺም ከጅማ «ቤቱ ተናጋብን!» ስትዪኝ ነው።

ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር። ቀኑን ልብ በዪልኝ፤ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ልክ በ51ኛ ዓመቱ። እኔ ይህን ሳስብ ሰውነቴ ውርር እያለ ከጋዜጠኞች መካከል ተቀምጫለሁ።

ሳላዲን እኛ ሰፈር ሪጎሬ የምንላትን ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ በረኛው መለሰበት። ብዙም ሳይቆይ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ ተሰጠው። ደጋፊያችን ተናዶ ቩቩዜላውን ሁሉ ሜዳ ላይ ወረወረ፤ በዚያ አፍሬያለሁ፣ ለአንቺም አልደብቅሽም። ከእረፍት በፊት ጎል ገባብን። በዐሥር ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፣ 1 ለ 1 አለቀ። ጋዜጣው ሁሉ ስለ አዳነ ጻፈ፣ ይገባዋልም። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከዘሪሁን ታደለ ላይ ነበር። ተቀያሪ በረኛ ማለት እኮ፣ እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ሳያስበው ጓደኛው ተባረረ፣ «ተነሣ» ተባለ፣ ጓንቱን አጥልቆ በዐሥር ሰው የቀረውን ቡድን በር ሊጠብቅ ገባ። አንድ ጎል ገባበት፣ ሁለተኛውን ግን አላስገባም። ያን ማታ ደውለሽ የጠየቅሽኝ ስለ ጀማል ነበር።

አሁን የራሳችን ታሪክ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ወሰደ። በመጨረሻው ቀን አዳማን 5 ለ 0 አሸነፈ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በግብ ክፍያ በለጠ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በዚያ ቀን ጋዜጠኛ መሆኔን ረሳሁት። ከጅሬን እስከ ፈረንጅ አራዳ መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ማታ ቤት ስገባ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽና ገና አፌን ሳልከፍት «የአዳማ ልጆች በዚህ ዝናብ ተመለሱ?» አልሽኝ። ወደ ስታዲየም ሮጬ መመለስ አማረኝ፤ በሰላም ይግቡ አይግቡ ሳልጠይቅ ነበር የመጣሁት።

በዓመቱ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን ታላቅ ክለብ አልአህሊን ገጠሙ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፉ፣ በድምሩ ወደቁ። አልአህሊን አሸንፎ መውደቅ ምን እንደሚመስል ከልጆቹ ፊት ላይ አይቻለሁ፤ መሳቅም ማልቀስም አልሆነላቸውም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አባ ጅፋር ከሊጉ ወረደ። ዋንጫ ካነሣ አራት ዓመቱ። ያን ዜና እኔ ነበርኩ የምጽፈው፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። በዚያን ጊዜ የተሸነፉት የእኛው ልጆች ናቸው፣ እናትየዋም አንቺ ነሽ። ደውዬ ስነግርሽ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለሽ «ልጆቹ ደሞዛቸውን አገኙ?» አልሽኝ።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገርሽ፤ የትም ጽፌው አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት አንቺን ልጠይቅ መጥቼ፣ ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ በእግሬ ስሄድ የሰፈር ታዳጊዎች ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ዝናብ ያካፋል። አቻ ወጡና በሪጎሬ ተለያዩ። የመጨረሻውን የመታው ልጅ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ላካት። የወዲያኞቹ እየጨፈሩ ሄዱ፣ ጓደኞቹም ትተውት ሄዱ። እሱ ቋሚው ሥር ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ከመርካቶ የምትመለስ ሴት ዘንቢሏን እንደያዘች በሜዳው መሐል አቋርጣ መጣች። እናቱ ናት። ጃንጥላዋን ከራሷ ላይ አንሥታ ለእሱ ዘረጋችለት። እኔ ከሲድኒ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት መልስ ሊነገር ነው ብዬ ተጠጋሁ።

«ራበህ?» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዘንቢሏ ሙዝ አወጣችለት። ተያይዘው በአዌቱ በኩል ወረዱ። መቅረጸ ድምፄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

ለመስቀል እመጣለሁ። የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሻለሁና እንቢ እንዳትዪኝ። ሬድዮውን አትጣዪው፣ ባትሪ አመጣለታለሁ። እስኪሻልሽ ድረስ ጨዋታ ሲኖር አጠገብሽ ተቀምጬ በጆሮሽ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ማን እንዳሸነፈ፣ ከዚያ ስለ ሌላኛው።

ናፋቂሽ ልጅሽ